የረሳ ሬዲዮ፦ የአሮጌ መኪና መገናኛ ሬዲዮ ሜሞሪው ሲጠፋ

(በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ለተሰማሩ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ ቦርዱን ካላያችሁት የማወራው ግማሹ ይባክናል።

የዛሬው ርእሳችን ትንሽ ብልሽት ነው። የመኪና መገናኛ ሬዲዮ ትከፍታላችሁ። ድምፁ አለ፣ መብራቱ አለ፣ ሲያስተላልፍም ጉልበቱ ሙሉ ነው። ግን ትናንት የሞላችሁት ቻናል የለም። ስክሪኑ ላይ 144.000 ብሎ ልክ ከካርቶን እንደወጣ ዕቃ ቁጭ ብሏል። አንዳንዴ ደግሞ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይደረድራል። እንደገና ትሞሉታላችሁ፣ ይሠራል። ገመዱን ነቅላችሁ ስትመልሱት እንደገና ረስቷል።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ "ባትሪው ነው፣ ቀይረው" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። የሚያሳስቡኝ የቀሩት ናቸው። ባትሪ ቀይራችሁ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ሬዲዮ አለ። ባትሪ ጭራሽ የሌለው ሬዲዮም አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባትሪውን በነቀላችሁባት ቅጽበት ያለቀለት ሬዲዮ ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ይህ ሬዲዮ የሚያስታውሰውን የት ነው የሚያስቀምጠው? ሲጠፋስ ማን ይመግበዋል?

ጠረጴዛው ላይ ያለው ኬንዉድ ቲኤም-241 ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ በ144 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የኤፍኤም የመኪና ሬዲዮ። 50 ዋት ያስተላልፋል፣ 20 ቻናል ያስታውሳል። የአማተር ሬዲዮ ሰዎች፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለፍላጎታቸው በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች፣ ዕቃ ነው። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ የኢቲ3ኤኤን ክለብ ያያችሁ ስለምን ዓይነት ሰዎች እንደማወራ ታውቃላችሁ። በእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር ላይ ያ ረጅም አንቴና የሚወዛወዝለት ኮዳን ሌላ ነው። እሱ በኤችኤፍ፣ ሩቅ በሚደርሰው ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ፣ ነው የሚሠራው፤ ራሱን የቻለ ምሽት ይፈልጋል። ዛሬ የምንማረው ግን የዚያን ዘመን ሬዲዮ ለያዘ ሁሉ ይጠቅማል።

ድሮ ይህ ችግር አልነበረም። የቆዩት ሬዲዮዎች ለእያንዳንዱ ቻናል ክሪስታል ነበራቸው፤ አንዱ ለመቀበያ፣ አንዱ ለማስተላለፊያ። ቻናል መጨመር ማለት ክሪስታል ገዝቶ መሰካት ነበር። ከዚያ እንደ አይኮም አይሲ-22ኤስ ያሉ መጡ። በእነሱ ላይ ፍሪኩዌንሲውን የምትጽፉት ቦርዱ ላይ ዳዮድ በመሶደር ነው። ዳዮድ ካለ አንድ፣ ከሌለ ዜሮ። አድካሚ ነው፣ ግን እንዲህ ያለው ሬዲዮ አርባ ዓመት መጋዘን ቢቀመጥ አንዲት ቻናል አይረሳም። እኔ እስካሁን አከብረዋለሁ።

መርሳት የመጣው ከማይክሮኮንትሮለር ጋር ነው። በ1980ዎቹ አምራቾቹ ትንንሽ ፕሮሰሰር አስገቡ። ቻናሎቹ ራም ውስጥ ይጻፉ ጀመር። ራም ደግሞ ኃይል እስካለው ድረስ ብቻ ነው የሚይዘው። ታዲያ ለምን ኃይል የማይፈልግ ሜሞሪ አላደረጉም? ኢኢፕሮም ያኔም ነበረ። ግን ይወደድ ነበር፣ የሚጻፍበትም ጊዜ የተወሰነ ነው። የፍሪኩዌንሲ ማዞሪያው በተነካ ቁጥር የሚለዋወጠውን ነገር እሱ ላይ መጻፍ አያዋጣም። ሃያ ቻናል ጥቂት መቶ ባይት ነው። ያንን በአንዲት የሰዓት ባትሪ ለዓመታት ማኖር ርካሹ መፍትሔ ነበር።

አሁን ወደ ሰርኪዩቱ እንምጣ። ስዕሉን ነጭ ሰሌዳው ላይ አድርጌዋለሁ። የራሙ የኃይል እግር ላይ ሁለት መንገድ ይገናኛል። አንዱ ከመኪናው 13.8 ቮልት ተቀንሶ የሚመጣው 5 ቮልት ነው። ሁለተኛው ከሊቲየም ባትሪው የሚመጣው 3 ቮልት። በሁለቱም ላይ ዳዮድ አለ፤ ዳዮድ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር ነው። ሬዲዮው ሲበራ 5 ቮልቱ ያሸንፋል፣ የባትሪው በር ይዘጋል። ሲጠፋ 5 ቮልቱ ይወርዳል፣ ያኔ የባትሪው በር ይከፈትና ራሙን ይይዘዋል። ከባትሪው ጋር በተርታ ትንሽ ሬዚስተርም ታገኛላችሁ። እሷ ለደኅንነት ናት። ዳዮዱ ቢበላሽ ወደ ባትሪው የሚገባውን ከረንት ታግዳለች፤ ይህ ባትሪ ቻርጅ እንዲደረግ አልተሠራም።

ሲአር2032 ባትሪ ሲገዛ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ይይዛል። የሚተኛ ራም ከ2 ማይክሮአምፔር የማይበልጥ ከጠጣ፣ ስታካፍሉት 110,000 ሰዓት ይመጣል፤ ከ12 ዓመት በላይ ማለት ነው። 5 ማይክሮአምፔር ከጠጣ 5 ዓመት። የዚያ ዘመን የኬንዉድ መመሪያዎች የባትሪውን ዕድሜ አምስት ዓመት ያህል የሚሉት በጥንቃቄ ነው። ከዚያ በላይ የቆዩ ብዙ ናቸው። ሙቀት ግን ያሳጥረዋል። አዋሽና ሰመራ ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ዳሽቦርድ ውስጥ ያለ ባትሪ እና እንጦጦ ሥር የሚያድር ባትሪ እኩል አያረጁም።

አንድ ነገር ከዚህ ሂሳብ ያዙልኝ። 2 ማይክሮአምፔር እጅግ ትንሽ ነው። ቦርዱ ላይ የቀረ ቆሻሻ፣ የፈሰሰ የካፓሲተር ፈሳሽ፣ ያረጀ ዳዮድ፣ ማንኛቸውም ከዚህ በላይ ሊያፈስሱ ይችላሉ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ሬዲዮው ሲመጣላችሁ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? አትክፈቱት። ከመኪናው ላይ ከሆነ አትንቀሉት። አንዳንዱ ሞዴል ራሙን በቀጥታ ከመኪናው ባትሪ ይመግባል፤ ስለዚህ ውስጡ ያለው ትንሽ ባትሪ ሞቶም ለዓመታት ማንም አያውቅም። ከዚያ አንድ ቀን የመኪናው ባትሪ ይቀየራል። በማግስቱ ባለቤቱ ባትሪ የቀየረለትን ልጅ "ሬዲዮዬን አበላሸህ" ብሎ ይይዘዋል። ልጁ ምንም አላደረገም።

ሬዲዮው ገና የሚያስታውሰው ነገር ካለ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። ቻናል በቻናል እያዞራችሁ ጻፉት። ፍሪኩዌንሲውን ብቻ አይደለም። ሪፒተር (ድምፃችሁን ተቀብሎ በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) ከሆነ ሽግግሩ፣ ማለትም የሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች ልዩነት፣ ወደ ላይ ነው ወደ ታች፣ ስንት ነው፣ ቶን (ሪፒተሩን የሚከፍት ዝቅ ያለ ድምፅ) አለው ወይ፣ የቶኑ ቁጥር ስንት ነው። በ144 ሜጋኸርዝ ላይ የሪፒተር ሽግግር ብዙውን ጊዜ 600 ኪሎኸርዝ ነው፤ ቶኑ ግን ከ67.0 እስከ 254.1 ኸርዝ ባለው መካከል የትኛውም ሊሆን ይችላል። ፍሪኩዌንሲውን ታገኙትና ቶኑ ከሌላችሁ ሪፒተሩ አይከፍትላችሁም። ስልክ ይዛችሁ ስክሪኑን ቪዲዮ መቅረጽም ይቻላል። እንዲያውም ይሻላል። ሶደሩን ማንም ይማረዋል። የባለቤቱን የዓመታት ቻናሎች ግን ማንም መልሶ አይሰጣችሁም።

ከዚያ መክፈት። በእንዲህ ዓይነቶቹ ሬዲዮዎች ባትሪው ብዙ ጊዜ ከፊት ፓነሉ ጀርባ ባለው የመቆጣጠሪያ ቦርድ ላይ ነው። ቁልፎቹን ሳብ አድርጋችሁ ታወጣላችሁ፣ ብሎኖቹን ታላቅቃላችሁ፣ ፓነሉ ወደ ፊት ይመጣል። ጠፍጣፋዎቹን የሪባን ገመዶች በኃይል አትጎትቱ። ፕላስቲኩም ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ይሰበራል።

ባትሪውን ሳትነቅሉ ቴስተር አስጠጉ። ጤነኛው ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል። ከ2.5 በታች ከሆነ ጨርሷል። መሐል ላይ ያለው ያሳስታል። የሊቲየም ባትሪ ቮልቴጁን ይዞ ይዞ መጨረሻ ላይ ነው በአንዴ የሚወርደው። ስለዚህ 2.9 አነበባችሁ ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም። ከነቀላችሁት በኋላ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ለጥቂት ሰከንድ አገናኙበት። አዲሱ ብዙም አይነቃነቅም፣ ያለቀው ይወድቃል። ቀጥሎ ራሱን የራሙን የኃይል እግር ለኩ፣ ሬዲዮው ጠፍቶ። ከባትሪው ላይ የዳዮዱን ድርሻ ቀንሱ፤ 2.6 ወይም 2.7 ካያችሁ ጥሩ ነው። የዚያ ዘመን ሲሞስ (ጥቂት ኃይል የሚጠጣ የቺፕ ዓይነት) ራም ብዙውን ጊዜ እስከ 2 ቮልት ድረስ ይዘቱን ይይዛል። ባትሪው ላይ 3 ቮልት ኖሮ እዚህ ምንም ከሌለ፣ ችግሩ መሐል ያለው መንገድ ነው። የተበላ መስመር ወይም የተቋረጠ ዳዮድ ፈልጉ፤ ባትሪ አትግዙ።

ስለ ባትሪ አገዛዝ። ቦርዱ ላይ ያለው ሁለት ብረት ምላስ የተበየደለት ነው። መርካቶ ሄዳችሁ ምላስ ያለው ሲአር2032 ብትጠይቁ ሁልጊዜ አታገኙም። ምላስ የሌለውን ግን እያንዳንዱ ሱቅ ይሸጣል። ፈተናው እዚህ ነው፤ ሰው ምላስ የሌለውን ገዝቶ ሽቦ በቀጥታ ባትሪው ላይ ይሶድራል። እባካችሁ እንዳታደርጉት። ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳል፣ ጠርዙን የሚዘጋውን ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ባይፈነዳ እንኳ ዕድሜው ያጥራል።

መፍትሔው ከጎናችሁ ነው። የተጣለ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ የሲአር2032 ማቀፊያ አለ፤ ነቅላችሁ ተጠቀሙበት። የላፕቶፕ ሰዓት ባትሪ ደግሞ ከዚያም ይሻላል። ሁለት ሽቦ ያለው፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሲአር2032 ነው። ፋብሪካው ራሱ ምላሱን በይዶታል። ጫፉ ላይ ያለውን መሰኪያ ቆርጣችሁ ሽቦዎቹን ቦርዱ ላይ ትሶድራላችሁ። ችግሩም ያው ነው፤ ላፕቶፑ ሲነሣ ዓመተ ምሕረቱን ሲረሳባችሁ ያጠፋው ይኸው ባትሪ ነው።

ማቀፊያ ወይስ የተሶደረ? ብዙ ሰው ማቀፊያ ይወዳል፤ ቀጣዩ ቅየራ ቀላል ነው። እኔ ለመኪና የተሶደረውን እመርጣለሁ። ፒስታ መንገድ ላይ ሬዲዮው ጠፍቶ የሚሄድ መኪና አስቡ። የማቀፊያው ስፕሪንግ ለአንድ ቅጽበት ይላቀቃል። ራሙ አጠገብ ጥሩ ካፓሲተር ካለ ያችን ቅጽበት ይሸከማታል፤ ካረጀ ግን አይሸከማትም። ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ሬዲዮ ማቀፊያ ምንም ችግር የለውም።

ኤልአይአር2032 የሚባለውን አታስገቡ። መጠኑ አንድ ነው፣ ግን ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት ነው። ሲሞላ እስከ 4.2 ቮልት ይደርሳል፣ የሚይዘውም በጣም ትንሽ ነው። ሬዲዮው ደግሞ ቻርጅ አያደርገውም። በአሮጌው ባትሪ ላይ ቢአር የሚል ፊደል ካያችሁ አትደንግጡ፤ እሱም 3 ቮልት ሊቲየም ነው፣ ሙቀት የሚችለውና በራሱ የሚባክነው ያነሰ ነው። ካገኛችሁ ተኩት። ካላገኛችሁና መጠኑ ከገባ ሲአር ይሠራል።

አሁን ሶደሩ ራሱ። ኧርዝ ያለው ሶልደሪንግ አይረን ካላችሁ ተጠቀሙ። እንደምታውቁት እዚህ ብዙ ቤት ኧርዝ የሚባል ነገር ሶኬቱ ላይ ለስም ነው ያለው። ርካሹ አይረን ጫፉ ላይ የመስመር ኤሌክትሪክ ሊያፈስ ይችላል፤ ያ ለሲሞስ ቺፕ መርዝ ነው። ስለዚህ አሙቁት፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ ከዚያ በፍጥነት ሶድሩ። ለሁለት እግር የሚበቃ ሙቀት ይይዛል። አሮጌውን ስታወጡ የቦርዱ መስመር ተልጦ እንዳይመጣ ትንሽ አዲስ የሶደር እርሳስ ጨምሩበት፣ ቶሎ ይቀልጣል። ፕላስና ማይነሱን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። አዲሱን ስታስገቡ በኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልሉት፤ ከብረት ሽፋኑ ጋር ከተነካካ ያልቃል።

ያወጣችሁትን አሮጌ ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ይህ ቀልድ አይደለም። የተዋጠ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። "አልቋል" የምንለው ባትሪም ለዚያ የሚበቃ ኃይል አለው። በቴፕ ጠቅልላችሁ ራቅ አድርጉት።

ቀጥሎ ሬዲዮውን ሪሴት ማድረግ ነው። ራሙ ኃይል አጥቶ ሲመለስ ውስጡ ያለው ዝም ብሎ ውዥንብር ነው። ብዙ የኬንዉድ ሬዲዮዎች ላይ ኤምአር የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ስታበሩ ሁሉም ይጸዳል፤ ቪኤፍኦን ይዛችሁ ስታበሩ ቻናሎቹን ሳይነካ ቅንብሩን ብቻ ይመልሳል። ከዚህ በኋላ ሳታስቡ የማስተላለፊያ ቁልፉን አትጫኑ። ሪሴት የተደረገ ሬዲዮ የማን እንደሆነ በማታውቁት ፍሪኩዌንሲ ላይ ሊቆም ይችላል። በአገራችን ማስተላለፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጉዳዩ የሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአንቴና ፈንታ 50 ኦም ዳሚ ሎድ (ኃይሉን ወደ አየር ሳይለቅ ወደ ሙቀት የሚቀይር ሬዚስተር) አድርጉ፤ ቀስ ብላችሁ ሙሉት፣ ከዚያ ፈትኑት። የፍሪኩዌንሲ እርምጃውም ወደ ፋብሪካው ልማድ ስለሚመለስ የምትፈልጉት ቁጥር ላይ አልቆምም ሊላችሁ ይችላል። መጀመሪያ እርምጃውን አስተካክሉ።

የመጨረሻው ፈተና ኃይሉን ነቅሎ ማሳደር ነው። ለአምስት ደቂቃ ነቅላችሁ "ሠራ" አትበሉ። ባትሪ ሳይኖር እንኳ በካፓሲተር ለደቂቃዎች የሚያስታውስ ሬዲዮ አለ።

ባትሪ ተቀይሮም የሚረሳውስ? ሁለት ዓይነት ነው፣ አትደባልቋቸው።

አንደኛው ባትሪውን የሚጨርስ ነው። ቀላል መለኪያ አለው። ከባትሪው ጋር በተርታ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቡ፣ ሬዲዮው ጠፍቶ እያለ የሬዚስተሩን ቮልቴጅ ለኩ። እያንዳንዱ 10 ሚሊቮልት 1 ማይክሮአምፔር ነው። 20 ሚሊቮልት ካነበባችሁ ደስ ይበላችሁ። 500 ሚሊቮልት ካነበባችሁ 50 ማይክሮአምፔር እየፈሰሰ ነው፣ አዲሱ ባትሪ ስድስት ወር ነው የሚቆየው። ያኔ ቦርዱን ንጹሕ አልኮል ባስነካ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ብዙውን ጊዜ የድሮ ፍላክስ (ሶደር እንዲይዝ የሚረዳው ማጣበቂያ ቅሪት) ወይም በአካባቢው ካለ ትንሽ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር የፈሰሰ ነገር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ቦርዱ ገጽ ላይ የሚሶደሩ ካፓሲተሮች በመፍሰስ የታወቁ ናቸው። የተበላሸ ዓሣ የመሰለ ሽታ ከሸተታችሁ፣ የመዳቡ መስመርም ከጠቆረ፣ እሱ ነው። ካጠባችሁ በኋላ ካልወረደ ዳዮዱንና ራሙ አጠገብ ያለውን ካፓሲተር ቀይሩ። ያችው 10 ኪሎ ኦም እያለች ሬዲዮውን አብሩት። ንባቡ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። በተቃራኒው ምልክት ቁጥር ካሳየ 5 ቮልቱ ባትሪውን እየሞላው ነው። ዳዮዱ ሞቷል፤ ሳትቀይሩት ሬዲዮውን አትመልሱ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስቸግራል። ባትሪው ደኅና ነው፣ የራሙ እግር ላይ 2.7 ቮልት አለ፣ ግን ይረሳል። እዚህ ጥፋቱ የማጥፊያዋ ቅጽበት ላይ ነው። ኃይል ሲወርድ ፕሮሰሰሩ ቀድሞ "ልትጠፋ ነው፣ ተኛ" የሚል ምልክት ማግኘት አለበት። ያን የሚነግረው ቮልቴጅ የሚከታተል ትንሽ ቺፕ ወይም ጥቂት ትራንዚስተርና ካፓሲተር ነው። ምልክቱ ከዘገየ ፕሮሰሰሩ በሚሞት ቮልቴጅ ላይ እየሠራ ራሙ ላይ ያልሆነ ነገር ይጽፋል። ምልክቱ ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ ሳይተኛ በባትሪው ላይ ይሠራል፣ ባትሪውን በቀናት ይጨርሰዋል። መለያው ይህ ነው፤ በቁልፉ ስታጠፉት ያስታውሳል፣ ገመዱን በድንገት ስትነቅሉ ይረሳል። ወይም አንዳንዴ ብቻ ይረሳል። ባትሪ የሞተበት ሬዲዮ "አንዳንዴ" አያውቅም፤ ሁልጊዜ ነው የሚረሳው።

አሁን ስለ አይኮም ልናገር። አንዳንዶቻችሁ እጃችሁ ሊገባ ይችላል። በ1980ዎቹ አጋማሽ አይኮም የሠራቸው አይሲ-745፣ አይሲ-751፣ አይሲ-271 እና አይሲ-አር71 የሚባሉ አሉ። የመኪና ሳይሆን የጠረጴዛ ናቸው፣ ጥሩ መሣሪያዎችም ናቸው። ግን በውስጣቸው ባለች ትንሽ የራም ካርድ ላይ የተቀመጠው የእናንተ ቻናል ብቻ አይደለም። ሬዲዮው ሬዲዮ ሆኖ እንዲሠራ የሚያስፈልገው መረጃ ጭምር ነው። ባትሪው ሲሞት ሬዲዮው ቻናል አይረሳም፤ ሥራውን ነው የሚረሳው። ሪሴት አያድነውም። ይህን ያሰበው መሐንዲስ ምን ብሎ እንዳሰበ አልገባኝም። ለዘመናት የሚቆይ ዕቃ ሠርቶ ነፍሱን በሰዓት ባትሪ ላይ ማንጠልጠል ለእኔ ስንፍና ነው።

ስለዚህ እነዚህን ስትይዙ ባትሪው ገና ሳይሞት ነው የምትቀይሩት። ሁለት የባትሪ ድንጋይ በተርታ አድርጋችሁ 3 ቮልት አዘጋጁ። በአንድ ዳዮድና በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ከራሙ የኃይል እግር ጋር አገናኙት። ያ ጊዜያዊ ኃይል ራሙን እየያዘ አሮጌውን ታወጣላችሁ፣ አዲሱን ትሶድራላችሁ፣ ከዚያ ጊዜያዊውን ታነሣላችሁ። አይረኑ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። ካርዱን በብረት ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ። ቀድሞውኑ ከሞተ ደግሞ ያለ ባትሪ የሚሠራ ምትክ ካርድ በውጭ አገር የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ሌላው መንገድ ከጤነኛ ካርድ ላይ መቅዳት ነው፤ መሣሪያ ይፈልጋል።

ባትሪ የሌላቸውስ? በ1990ዎቹ በየታክሲ ድርጅቱና በየጥበቃው በዓለም ዙሪያ የነበረው ሞቶሮላ ጂኤም300 ለምሳሌ ቻናሉን ኢኢፕሮም ላይ ነው የሚይዘው። እሱን ከፍታችሁ ባትሪ ብትፈልጉ ስታመሹ ታመሻላችሁ። ሜሞሪው ከጠፋበት ወይ ቺፑ ተበላሽቷል፣ ወይ ፕሮግራም ሲደረግ ተበላሽቷል። ሁለተኛው ብዙ ነው። ቻናል የሚሞላበት ፕሮግራም ለዶስ፣ ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የተሠራ ነው፤ በፈጣን ኮምፒውተር ላይ ሲሄድ ጊዜውን ይስታል፣ የተጻፈውን ያበላሻል። እዚህ መድኃኒቱ ሶደር አይደለም። አንድ ያረጀ፣ ዘገምተኛ ኮምፒውተር ነው። የሞተ ዴስክቶፕ ከመጣላችሁ በፊት አስቡበት።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

ፊት ለፊት የተቀመጠው ልጅ ጥሩ ጥያቄ አለው። ለሌሎቻችሁ ልድገመው፦ "ባትሪውን ትተን ሱፐር ካፓሲተር ብናደርግ ከመቀየር አንገላገልም ወይ?"

እንደሚሠሩ አውቃለሁ፣ ከፋብሪካ እንደዚያ የመጡ ሬዲዮዎችም አሉ። ግን በባትሪው ቦታ ዝም ብለህ ብትተክለው አይሠራም። ባትሪው ቻርጅ እንዳይደረግ የሚከለክለው ዳዮድ ካፓሲተሩንም እንዳይሞላ ይከለክለዋል። ባዶውን ይቀመጣል። ከዳዮዱ ወዲህ፣ በራሙ በኩል ማድረግ አለብህ። ያኔ ደግሞ 1 ፋራድ ባዶ ካፓሲተር 5 ቮልቱን በአንዴ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ በተርታ ሬዚስተር ያስፈልግሃል። ያን ሁሉ አድርገህ እናስላው። 1 ፋራድ፣ ከ5 ቮልት ወደ 2 ቮልት ሲወርድ፣ በ5 ማይክሮአምፔር፤ 600,000 ሰከንድ ነው። ሰባት ቀን አይሞላም። ካፓሲተሩ ራሱ የሚያባክነውን ስትቀንስ ከዚያም ያንሳል። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ይበቃዋል። ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ለሚቆም ግን ባትሪውን ቀይርለት።